ፔሮኔል ምን እያየች ነበር?

ፔሮኔልን የማያውቅ በእኛ ሠፈር የለም፤ እሷን ባያውቅ በርሜሏን ያውቃል። ካልሲ ጠጋኝ ናት። አዲሱ ድልድይ ጫፍ ላይ አንድ ጎኑ የተቆረጠ የወይን በርሜል አቁማ፣ ውስጡን ጭድ ጎዝጉዛ፣ ጉልበቷን አጥፋ እሱ ውስጥ ትቀመጣለች። ከወንዙ የሚመጣው ነፋስ በርሜሉን ዞሮ ያልፋል። መንገደኛ የሚያየው ሁለት እጅና አንድ መርፌ ብቻ ነው። ጌቶች ካልሲያቸው ሲተረተር በአሽከር ይልኩላታል። አሽከር የሌለው ጌታ ደግሞ፣ እንዲህ ያለ ጌታ ፓሪስ ውስጥ ስንት አለ መሰላችሁ፣ ራሱ ይመጣና ወዲያ ወዲህ አይቶ እግሩን ወደ በርሜሉ ይሰድላታል። እግሩ ላይ እንዳለ ትሰፋዋለች።

"ቀስ በይ እንጂ! ቆዳዬንም አብረሽ ሰፋሽው እኮ!"

"ቆዳዎ ከካልሲው ይሻላል ጌታዬ፣ እሱ ገና አልተጣፈም" ትለዋለች።

እንዲህ ነበረች ፔሮኔል። አፏ ከመርፌዋ ይፈጥን ነበር። ነበር ነው የምላችሁ። አሁን ዝም ብላለች። ለምን ዝም እንዳለች ከእኔ ስሙት፤ በሠፈሩ የሚወራው ግማሹ ውሸት ነው፣ ግማሹን ደግሞ ያወራሁት እኔ ነኝ።

እኔ ኡርሱል ነኝ፣ ከደረጃው ሥር ባለው ቤት ልብስ የምተኩሰው። የሠፈሩ አንገትጌ ሁሉ በእጄ ያልፋል። አንገትጌ ደግሞ እንደ ባለቤቱ አይዋሽም።

ባሏ ብሌዝ ይባላል። ዊግ ሠሪ ነው፤ የራሱ ሱቅ ሳይሆን ሰው ቤት ተቀጥሮ። ቁመቱ መቅረዝ፣ አካሄዱ ሰልፍ። ዊግ ሠሪዎችን መቼም ታውቋቸዋላችሁ፤ ቀኑን ሙሉ የጌቶች ሰው ሠራሽ ፀጉር ላይ፣ እንዲነጣ ብለው፣ ነጭ ዱቄት ሲነሰንሱ ውለው ራሳቸው ከጫማ እስከ ቅንድብ ነጭ ሆነው ይወጣሉ። ልጆች "መጥበሻው ውስጥ ሊገባ የተዘጋጀ ዓሣ!" እያሉ ይከተሏቸዋል። ሌላው ይናደዳል፤ ብሌዝ ግን ደረቱን ነፍቶ "ዱቄት ያልነካው ዊግ ሠሪ ሥራ የፈታ ዊግ ሠሪ ነው" ይላል። ትከሻውን እንዳታራግፉበት! ማዕረጉ ነበር።

ያን ክረምት አሠሪው ሞተ። ሚስትየው ሱቁን ዘጋች። ብሌዝ ግን ለማንም ትንፍሽ አላለም። እንደ ወትሮው ጠዋት ጠዋት ነጭ ሆኖ፣ ማበጠሪያውን ኪሱ ከትቶ ይወጣል። "ደህና አደርሽ ማዳም ኡርሱል! ዛሬማ ሁለት ባሮኖች እየጠበቁኝ ነው" ይለኛል። ከዚያ በወንዙ ዳር ሲንከራተት ውሎ ማታ ይገባል።

ዱቄቱን ከየት አመጣው? ከእኔ። አንድ ጠዋት በሬን አንኳኳና "ማዳም ኡርሱል፣ ለአንድ ደንበኛ ነው፣ ከዚያ ከአንገትጌ ማድረቂያሽ አሚዶ እፍኝ ብትሰጪኝ" አለ። ሰጠሁት። በማግስቱም መጣ። በሦስተኛው ቀን በሬን ከፍቼ ወደ ደረጃው ቀና ብል፣ ደረጃው መታጠፊያ ላይ ቆሞ የእኔን አሚዶ በገዛ ትከሻው ላይ ይነሰንሳል። ቄስ ራሱን በጠበል ሲረጭ ይመስል ነበር። እኔ፣ የጎረቤት ድመት ብታስነጥስ ለሠፈር የማበስር ሴትዮ፣ ይሄን ለማንም አልተናገርኩም። ለምን እንደሆነ እንጃ። ብቻ አፌ እንቢ አለኝ።

እና ትከሻው ላይ ዱቄት አለ፣ ቤት ውስጥ ዱቄት የለም። ወንዙ በረዶ ሠርቶ ጀልባ ቆመ፤ ማገዶም እህልም ጠፋ። በዚያ ብርድ ሐር ካልሲ የሚለብስም የለ፣ የፔሮኔል በርሜል ባዶ ዋለ። ቤታቸው ከእኔ በላይ፣ ደረጃው መታጠፊያ ላይ ነው፤ ግድግዳችን ስስ ነው፤ ማታ ማታ እሰማቸዋለሁ።

"አንቺስ?"

"እኔ በርሜሌ ውስጥ በልቻለሁ፤ አንተ ብላ።"

"ምን በላሽ?"

"ውይ፣ ስንቱን ልቁጠርልህ! ብላ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል።"

ከዚያ የማንኪያ ድምፅ። አንድ ማንኪያ ብቻ።

አሁን ወደ ላይ እንውጣ፣ ጣሪያው ሥር። እዚያ ሠዓሊው ሙሴ ዴሮሽ ነበር የሚኖረው። ገና ወጣት ነው፣ አፍንጫው ቀይ፣ እጁ ጠመኔ በጠመኔ። የሚሥለው አንድ ነገር ነው፤ መኳንንት መናፈሻ ውስጥ ሲዝናኑ። ዛፉ ጭስ ይመስላል፣ ሳሩ ምንጣፍ ይመስላል። አንዱ ጊታር ይቃኛል፤ ሁሌ ይቃኛል እንጂ ሲጫወት አይታይም። ሌላው ወይዘሮዋን በጣቷ ጫፍ ይዞ ወዴትም አይወስዳትም። ትንሽ ውሻ አለች። ማንም ሥራ የለው፣ ማንም አያስነጥስ፣ ማንንም ትንኝ አይነክስ። ሙሴ ዴሮሽ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አፍንጫውን እየሳበ፣ "ክቡራን እኮ ማዳም ኡርሱል፣ የሚኖሩት በትንፋሽ ነው! በትንፋሽና በሙዚቃ!" ይለኛል። እሱ መኳንንት ያየው ሠረገላ ጭቃ ሲረጨው ነው።

እና እነዚያ መኳንንት እነማን መሰሏችሁ? እኛ ነን። አንዲት አሮጊት ባለማዕረግ፣ ኮንቴስ የሚሏት፣ ሞታ ልብሷ ሲሸጥ አንድ ሣጥን ሙሉ ለቃቅሞ ነበር። የጭድ መልክ ያለው የሳቲን ቀሚስ፣ ሮዝ የወንድ ሐር ካፖርት፣ ላባ ያለው ባርኔጣ። ውኃ ተሸካሚውን ይጠራና ካፖርቱን ያለብሰዋል፤ ማርኪ ሆነ። ዓሣ ሻጯን ቀሚሱን ያለብሳታል፤ ዱሼስ ሆነች። ቀሚሱ ለማንም ልክ አይደለም፤ ከኋላ በመርፌ ቁልፍ የምይዘው እኔ ነኝ። ከፊት ዱሼስ፣ ከኋላ ጃርት።

አሠራሩን ልብ በሉልኝ፣ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ሰው አንድ ላይ አይሥልም። ዛሬ አንዷን ለብቻዋ ወረቀት ላይ ይሥላል፣ በወሩ ሌላውን ለብቻው። ወረቀቶቹን ያከማቻል። ትልቁን ሥዕል ሲጀምር ጎመን እንደሚለቅም ሰው ከዚህ አንድ አንገት፣ ከዚያ አንድ እግር እየለቀመ አንድ መናፈሻ ውስጥ ይሰበስባቸዋል። እንደዚያ ነው ተያይተው የማያውቁ ሰዎች ሳር ላይ ተቃቅፈው የሚገኙት።

ሁዳዴ ገባ። አንድ ቀን ሙሴ ዴሮሽ ፔሮኔልን ደረጃ ላይ አገኛትና አላስቆማትም መሰላችሁ!

"ይቅርታ ማዳም ፔሮኔል፣ አንገትሽ!"

"ምን ሆነ አንገቴ?"

"ረዘመ! የስዋን፣ የዚያች አንገተ ረጅም የውኃ ወፍ፣ አንገት ሆኗል! ልሣልሽ።"

ረሃብ ነው ያረዘመው። "ባለቤቴ አይወድም" አለችና ልታልፍ ስትል ቀስ ብሎ "ምሳ አለ" አላት። እግሯ ደረጃው ላይ ቆመ። እኔ ከታች ቆሜ አየሁት፤ እንደ ተቸነከረ ቆመ።

ቀሚሱን ልይዝላት አብሬ ወጣሁ። ጠረጴዛው ላይ ምን ቢኖር ጥሩ ነው? ፓቴ! ሥጋ ተሞልቶ ቅቤ በጠጣ ሊጥ የተሸፈነ፣ አናቱ ላይ ቀዳዳ ያለው፣ ከቀዳዳው የሥጋ መረቅ ፈልቶ የረጋ። በሁዳዴ! ሥጋ ቤቱ ሁሉ በተዘጋበት፣ የሐኪም ወረቀት ላለው በሽተኛ ካልሆነ በማይሸጥበት ጊዜ! ግን የማዕዘኑ ፓቴ ጋጋሪ ማግሉዋር ለበሽተኞች እያለ በጓሮ በር ይሸጥ ነበር፤ በሠፈራችንም በዚያ ጾም ጉንጨ ቀይ በሽተኛ በዝቶ ነበር። ሙሴ ዴሮሽ "አንተንም እንደ ጌታ እሥልሃለሁ" ብሎት ነው ፓቴውን የተቀበለው። በእርግጥም ከወር በኋላ፣ ፔሮኔል በሌለችበት፣ ያን ሮዝ ካፖርት አልብሶ ሣለው። እሱንም በመርፌ የያዝኩት እኔው ነኝ፤ ሆዱ አላስዘጋ ብሎኝ።

"ሙሴ፣ ይሄ ሥጋ ነው እንዴ?" አለች ፔሮኔል።

"ካሮት ነው" አለ።

"የሚሸተው ግን..."

"በሬ አጠገብ የበቀለ ካሮት ነው። አትንኪው! መጀመሪያ ልሥራ። እዚያ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ አደርገዋለሁ፤ አንቺ ቁጭ በይና እዪው። እዪው ብቻ።"

አየችው።

እኔ ሰው በማስመሰል እታወቃለሁ። ቄሱን፣ ዳኛውን፣ የማግሉዋርን ሚስት አካሄድ፣ ሁሉንም አስመስላለሁ፣ ሰውም ሆዱን ይዞ ይስቃል። ያንን አስተያየት ግን ልነግራችሁ እንጂ ላሳያችሁ አልችልም። አንገቷ ወደዚያ ዘንበል አለ። ከንፈሯ ትንሽ ተከፈተ። ዓይኗ እርጥብ ሆነ። ልጇን ከጦር ሜዳ ሲመለስ ያየች እናት፣ ከዚያ ደግሞ በሰርጓ ማግስት ያለች ሙሽራ፣ ሁለቱን በአንድ ላይ አድርጓቸው።

"እንዲህ! እንዲህ!" አለ ሙሴ ዴሮሽ፣ ምላሱን አውጥቶ በቀይና በጥቁር ጠመኔ እየሞነጫጨረ። "አትተንፍሺ! የት ነበርሽ እስከ ዛሬ! ይሄ ነው ፍቅር! ይሄ ነው!"

እኔ አፌ መርፌ ሙሉ ስለሆነ መሳቅ አልቻልኩም። መሳቅም አላሰኘኝም።

ሲጨርስ "በይ እንግዲህ ብዪ" አላት። በላች። ተቀምጣ አይደለም፣ ቆማ። ጫፉን ሰበረች፣ ሥጋውን በጣቷ አወጣች፣ መረቁን ላሰች፣ ቅርፊቱን ጨረሰች። እዚያ የሟች ኮንቴስ ሳቲን ላይ የወደቀውን ፍርፋሪ ጣቷን በምራቋ አርሳ አንድ በአንድ ለቀመችው። ለእኔም እንኪ አላለችኝም፤ እኔም አልጠበቅሁም። ከዚያ ቀጥ አለች። ሳህኑን አየች።

"ኡርሱል..." አለች፣ "ለብሌዝ አላስቀረሁም።"

"ባዶ ሆድ ነው፣ ምን ታደርጊው..."

"ቁራሽ እንኳን። አንዲት ቁራሽ። ደግሞ በጾም።" እጄን አፈፍ አድርጋ ያዘችኝ፤ ጣቷ አሁንም ቅባት ነው። "ለማንም! በቅድስት ዤኔቪየቭ ማይልኝ!"

ማልኩ። እኔ! አስቡት፣ እንደ እኔ ያለ አፍ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ማስቀመጥ፣ ወንፊት ላይ ውኃ ማስቀመጥ ነው። ግን ማልኩ።

ማታ በግድግዳው ሰማኋት። "እኔ በልቻለሁ፣ አንተ ብላ።" በዚያ ክረምት ይሄንን ስትል ያን ቀን ብቻ እውነቷን ነበር። ድምጿ ግን ውሸት የምትናገር ሰው ድምፅ ነበር።

በረዶው ቀለጠ፣ ፋሲካ አለፈ፣ ብሌዝ ሌላ ሱቅ ተቀጠረ። አሁን እውነተኛ ዱቄት ነው የሚለብሰው፤ እኔ ዘንድ አሚዶ መለመኑም ቀረ። ኩራቱ ግን በእጥፍ ተመለሰ። ወይን ቤት ቁጭ ብሎ "እኔ በዕድሜዬ አንድ ቀን ሥራ ፈትቼ አላውቅም! ቤቴ ጎድሎ አያውቅም!" ይላል። አንዳንዱ ጢሙን ይዞ ፈገግ ይላል። ፔሮኔል አጠገቡ ከሆነች "እውነቱን ነው" ትላለች። ያቺ ቃል ለእሱ ከዱቄቱ በላይ ነበረች፤ እሷም ይሄን ታውቃለች።

የቅዱስ ቁርባን በዓል ደረሰ። በዚያ ቀን ቅዱስ ቁርባኑ በሰልፍ ያልፋል፤ መንገዱ ላይ ያለ ቤት ሁሉ ግድግዳውን በጨርቅ ማልበስ አለበት። ጥሩ መጋረጃ ያለው መጋረጃውን ይሰቅላል፣ የሌለው የአልጋ ልብሱን። እኔ የደንበኞቼን አንሶላ ነው የሰቀልኩት፤ በዚያ ዓመት የግማሹ ሠፈር አንሶላ እግዚአብሔርን አክብሯል። ዶፊን አደባባይ ላይ ደግሞ ገና ስም የሌላቸው ወጣት ሠዓሊዎች በዚያው ጨርቅ ላይ ሥዕላቸውን ይሰቅላሉ፤ ለዚያ ጠዋት ብቻ ነው፣ ከሰልፉ በኋላ ይወርዳል። ጌታውም፣ ዓሣ ሻጩም፣ ሁሉም መጥቶ ያያል፣ ሁሉም አስተያየት ይሰጣል።

ፔሮኔል አልሄድም አለች። "ራሴን አሞኛል።" ብሌዝ "እንዴት ተብሎ! አዲስ ካፖርት ገዝቼ ማን ይየው? በይ ተነሺ!" ብሎ ክንዷን ቆልፎ ይዟት ወጣ። እኔ ከኋላ። ማዕዘኑን ስንዞር ሕዝቡ አንድ ሥዕል ፊት ተጠቅጥቆ አየሁ፣ ሙሴ ዴሮሽም አጠገቡ ላባ ባርኔጣውን አድርጎ ቆሟል።

ጭስ የመሰለው ዛፍ አለ። ጊታር የሚቃኘው አለ። ውሻዋ አለች። መሀል ላይ ደግሞ ፔሮኔል፣ የጭድ መልክ ባለው ሳቲን፣ አንገቷ ዘንበል፣ ከንፈሯ ከፈት፣ ያ ዓይን። እና ፓቴው በነበረበት ቦታ፣ ልክ በዚያው ቦታ፣ የፓቴ ጋጋሪው የማግሉዋር ፊት! ሮዝ ካፖርት ለብሶ እግሯ ሥር ሳር ላይ ጋለል ብሏል፤ ፊቱ ከምድጃ እንደወጣ ያብረቀርቃል፤ እጁ፣ እግዜር ይቅር ይበለው፣ የቀሚሷን ጠርዝ ይዟል።

"ኧረ ይሄ ማግሉዋር ነው!" አለ አንዱ ከፊት።

"የቱ ማግሉዋር?"

"ፓቴ ጋጋሪው ነዋ! ሆዱን እየው!"

"ሴትዮዋስ? እቺን የት ነው... በስመ አብ! ባለ በርሜሏ!"

ሳቁ እንደ ጎርፍ መጣ። ከሳቁ ውስጥ ደግሞ ባርብ ወጣች፣ የማግሉዋር ሚስት። እሷ ስትመጣ ሰው ራሱ መንገድ ይለቃል፤ ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ዳሌዋ በየተራ እየቀደመ። ባሏን በክራቫቱ ጎትታ ሥዕሉ ፊት አቆመችው።

"አንተ! ለእኔ አንድ ቀን እንኳን ሸሚዝ ቀይረህ አታውቅ፣ ለእሷ ሮዝ ሐር?"

"ባርብዬ፣ ብቻዬን ነበርኩ! በልጆቼ እምላለሁ! ፊቴ ያለው ወንበር ነበር!"

"ወንበር? እንዲህ አድርጎ የሚያይ ወንበር ካለ ለእኔም ግዛልኝ!"

ሰው በሳቅ ፈረሰ። ሙሴ ዴሮሽ እጁን እያርገበገበ "ወይዛዝርት፣ ስሙኝ! ሥነ ጥበብ ነው! ለየብቻ ነው የሣልኳቸው፣ በተለያየ ቀን! ተያይተው አያውቁም!" አለ።

"እሺ፣ ይሁን" አለች ባርብ፣ ሞኝ አይደለችም። "ያንተንም የሱንም ውሸት ልመን። ዓይኗስ? ይሄ ዓይን ከየት መጣ? ይሄንንም አንተ ፈጠርከው?"

ሙሴ ዴሮሽ መኩራት መጣበት፤ ሠዓሊ መቼም ሠዓሊ ነው። "አይ፣ ዓይኑስ እውነተኛ ነው። እንዳየሁት ነው የሣልኩት" አለ።

ያኔ ሁሉም ዞረ። ፔሮኔል ክንዷ አሁንም በብሌዝ ክንድ ውስጥ ነበር። ብሌዝ ቀስ ብሎ አወጣው። ፊቱ ነጭ ሆነ፣ በበዓል ቀን፣ ያለ ዱቄት።

"ፔሮኔል፣ ማንን እያየሽ ነበር?"

ምላሴ አፌ ውስጥ ተቃጠለ። አንዲት ቃል ነበረች፣ አንዲት ቃል ብወረውር ስሟ ይጸዳል። አፌን ስከፍት አየችኝ። ያ መሐላ! ገባኝ። ፓቴ ነው ካለች፣ ለምን ፓቴ እንደዚያ ታየ ይባላል። ርቧት ነበር ከተባለ ያ ሁሉ ዱቄት፣ ያ ሁሉ ባሮን፣ "ቤቴ ጎድሎ አያውቅም" የሚለው ሁሉ አደባባይ ላይ ይበተናል። ወይ የእሷ ስም፣ ወይ የእሱ።

"ማንንም" አለች።

"ማንንም እንዲህ አይታይም!" አለች ባርብ።

ፔሮኔል ራሷን ደፋች። "እንግዲህ ያያችሁትን አይታችኋል" አለች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ያቺ ባለ ስለት ምላስ! "አይ ባለ በርሜል፣ ለካ ካልሲ ብቻ አይደለም ስትነካኪ የከረምሽው!" አላት አንዱ። ሌላዋ ልጇን ወደ ራሷ ሳበች። የፔሮኔል ጆሮ እስከ ጫፉ ቀልቶ ነበር፤ ግን አልሸሸችም። እንደ ዝናብ ቆማ ተቀበለችው።

ከፊት ለፊት አንዲት እውነተኛ ወይዘሮ፣ ባለ ሠረገላ፣ የእጅ መነጽሯን ዓይኗ ላይ አድርጋ ለአጃቢዋ "ይሄ ልስላሴ! በሕይወቴ ማንንም እንዲህ አይቼ አላውቅም" ትላለች። እውነቷን ነው፤ መቼ ርቧት ያውቃል።

ብሌዝ ወደ ሥዕሉ ሄደ። አፍንጫው ሸራውን ሊነካ እስኪደርስ ተጠጋ። ይቀድደዋል ብሎ ሙሴ ዴሮሽ እጁን ዘረጋ። ግን አልቀደደውም። ቆሞ አየ፣ አየ፣ አየ። ትከሻው ወረደ። ያ ሰልፍ የመሰለ ሰውዬ፣ እንደቀለጠ ሻማ።

ሲዞር ድምፁ ጎልቶ ወጣ።

"ይሄንን ዓይን አውቀዋለሁ" አለ። "ክረምቱን ሙሉ ማንኪያዬ ላይ ነበር።"

ሰው ነገሩ አልገባውም። ባርብ "ምንድነው የሚለው?" አለች።

"ፍቅር አይደለም። ረሃብ ነው። ሚስቴ ርቧት ነበር።" አዲሱን ካፖርቱን በሁለት እጁ ጨብጦታል። "ሥራ አልነበረኝም። ባሮን የሚባል አልነበረም። ዱቄቱም ከማዳም ኡርሱል የለመንኩት የአንገትጌ አሚዶ ነው። እሷ 'በልቻለሁ' ትለኝ ነበር። እንዳልበላች አውቅ ነበር። አውቄ ነበር የምበላው።"

ማንም አልሳቀም። ብታምኑኝም ባታምኑኝም፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ጫማውን ያይ ጀመር። እኔም የራሴን ጫማ አየሁ፤ ከጎኑ እንደተቀደደ ያን ቀን ነው ያወቅሁት። በዚያ ክረምት በግድግዳው አንድ ማንኪያ ስሰማ የከረምኩት እኔ ብቻ አልነበርኩም እኮ፤ የሁላችንም ግድግዳ ስስ ነው። ባርብ እጇን ከወገቧ ላይ አወረደችው፣ የት እንደምታደርገው ግን አላወቀችም።

ፔሮኔል ወደ ባሏ ተጠጋች። ቀስ ብላ ነው የተናገረችው፤ እኔ ከጀርባዋ ስለነበርኩ ሰማሁ።

"ለምን አወጣኸው?" አለችው። "እኔ ችዬው ነበር እኮ።"

እሱ የካፖርቱን ጠርዝ ማጠፍ ያዘ።

"ፓቴ ነበር፣ ብሌዝ" አለች። "የማየው ፓቴ ነበር። በሁዳዴ። ከዚያ ሰጠኝ፣ ሁሉንም በላሁት። ቁራሽ አላስቀረሁልህም።"

ማግሉዋር "በሁዳዴ" የምትለዋን ሰምቶ ከሕዝቡ መሀል ሸርተት አለ። ብሌዝ ግን ሚስቱን አየ። ሊነካት እጁን ሰደደና ግማሽ መንገድ ላይ ተወው። እሷም አልቀረበችውም። ሁለቱ እዚያ ቆሙ፣ እንደዚያ ሥዕል ሰዎች፣ ለየብቻ ተሥለው አንድ ቦታ እንደተለጠፉ።

ደወሉ ተደወለ። ሰልፉ ማዕዘኑን ዞረ፤ ዕጣኑ፣ ሻማው፣ ጃንጥላው። ጉልበታችን መሬት ነካ። እንደዚያ ቀን በጥድፊያ ተንበርክከን አናውቅም፤ ፊታችንን የምንደብቅበት አገኘንና። ቄሱ ቁርባኑን ከፍ አድርጎ ሲያልፍ ሁላችንም ግንባራችን ድንጋዩ ላይ ነበር። ቀና ስል መጀመሪያ ያየሁት ሥዕሉን ነው። ያቺ ፔሮኔል ከላይ ሆና፣ በዚያ ዓይኗ፣ ታየናለች።

ከዚያ በኋላ ሠፈሩ ደግ ሆነ። ከስድቡ ደግነቱ ባሰ። ጠዋት በራቸው ላይ ዳቦ ይቀመጣል፣ ግማሽ አይብ ይቀመጣል፤ ማን እንዳስቀመጠው አይታወቅም፣ ሁሉም ግን ሲያልፍ በሩን ሰረቅ አድርጎ ያያል። ባርብ እዚያ ድልድዩ ድረስ ሄዳ "እንደምን ዋልሽ የኔ እህት" ትላታለች፤ ድምጿ ማር ነው፣ ያ ማር ግን አይዋጥም። ማግሉዋር ትልቅ ፓቴ በነጭ ጨርቅ ሸፍኖ ላከ። ፔሮኔል ጨርቁን ሳትገልጥ መለሰችው። እኔ ደግሞ ሾርባ ይዤ ሄድኩ፤ በሩን ከፈት አድርጋ "ኡርሱል፣ በጾሙ ያየሽኝ ይበቃል፤ ከእንግዲህ የሚበላ ነገር አታምጪልኝ" አለችኝ። ሾርባውን ይዤ ወረድኩ።

ብሌዝ አሁን ከሱቅ ሲወጣ ካፖርቱን በብሩሽ እስኪነጻ ያራግፋል። አንዲት ነጭ ብናኝ አታዩበትም። ልጆቹም ዓሣ ማለቱን ተዉት።

ሥዕሉን ያቺ ባለ መነጽር ወይዘሮ ወሰደችው። ደንገጥሯ አንገትጌ ልታስተኩስ እኔ ጋ ስለምትመጣ ወሬው አይነጥፍብኝም። እመቤቷ እንግዳ ሳይመጣ በፊት ሥዕሉን አንዴ፣ መስተዋቱን አንዴ እያየች አንገቷን ዘንበል፣ ከንፈሯን ከፈት ታደርጋለች አሉ። ከአምስት ዓይነት ምሳ በኋላ! "አይመጣላትም" ትላለች ልጅቷ፣ "የጥርስ ሕመም ያለባት ነው የምትመስለው።" ይሄንን ሳወራ ሰው ይስቅና "እስቲ አንቺ አሳዪን፣ የፔሮኔልን" ይለኛል። ወይዘሮዋን አሳያቸዋለሁ፣ የጥርስ ሕመሙን። እዚያ ላይ አቆማለሁ።

ባለፈው እሁድ አየኋቸው፣ ወንዙ ዳር፣ የድንጋዩ ደረጃ ላይ። ዳቦና የቀዘቀዘ ሥጋ ይዘው ነበር፣ በቂ ነበር፣ ለሁለቱም። ብሌዝ ቆርጦ ትልቁን ሰጣት፣ ከዚያ ፊቱን ወደ ውኃው አዞረ፤ እሷ ስትጀምር እንዳያይ። እሷ ደግሞ ተቀበለችና ጀርባዋን ሰጠችው፣ ለእሱም ለመንገደኛውም፣ አንገቷን ደፍታ እንዲህ ዞራ በላች። ከኋላ የሚታየው አንገቷና የተጠቀለለው ፀጉሯ ብቻ ነበር፤ ፀሐዩ ያርፍበታል። ሙሴ ዴሮሽ ቢያልፍ ኖሮ ወዲያው ጠመኔውን ያወጣ ነበር።